የመኪና ኤሲ የጋዝ ፍሳሽ ፍተሻ

የጋዝ ፍሳሽ ፍተሻ በመኪና ኤሲ ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ በየት በኩል እየሾለከ እንደሚወጣ ለይቶ የማግኘት ሥራ ነው። ኤሲ ጋዝን እንደ ቤንዚን አቃጥሎ አይጨርስም። ጋዙ በኮምፕረሰር ታምቆ፣ በኮንደንሰር ፈሳሽ ሆኖ፣ በኢቫፖሬተር ተንኖ እንደገና ወደ ኮምፕረሰር ይመለሳል፤ መስመሩ ዝግ ነው። ከጎማ ቱቦዎችና ከመጋጠሚያዎች በዓመት ጥቂት ግራም ቢጠፋ ያለ ነው። በየጥቂት ወሩ ጋዝ የሚጠይቅ ኤሲ ግን ያፈስሳል፤ ቀዳዳው ሳይገኝ ደጋግሞ ማስሞላት ገንዘብን አየር ላይ መበተን ነው።

ጉዳቱ በገንዘብ አያበቃም። በአነስተኛ መኪና ኤሲ ውስጥ በአብዛኛው ከ400 እስከ 900 ግራም ጋዝ ይገባል። በስፋት የሚሠራበት አር-134ኤ የኦዞንን ሽፋን ባይጎዳም፣ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ግማሽ ኪሎው ሲያመልጥ ከ700 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ መልቀቅ ይቆጠራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ የኪጋሊ ማሻሻያ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የዚህ ዓይነት ጋዞች አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ያስገደደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር፣ ጋዝ በሚወጣበት ቦታ ጥቂት ዘይትም ይወጣል። ይህ ለፈላጊው የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ አቧራ የተለጠፈበት እርጥብ ቅባት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያ ቦታ ነው። በተለይ የሚታዩት የኮምፕረሰሩ ዘንግ ሲል (ማሸጊያ)፣ በመጋጠሚያዎች ላይ ያሉት ኦሪንጎች፣ የጎማው ቱቦ ከብረቱ ጋር የተጨመቀበት ጫፍ፣ ጠጠር የሚመታው የኮንደንሰሩ ፊትና የጋዝ መሙያዎቹ ቫልቮች ናቸው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ኤሲ ለወራት ሳይከፈት ይቆያል። በዚህ ጊዜ የዘንጉ ሲል የዘይት ልባሱን አጥቶ ሊደርቅ ይችላል፤ ባለቤቱም ጉድለቱን የሚያውቀው ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ነው። ኤሲን ባይፈለግም አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃ ማሠራት የሚመከረው ለዚህ ነው።

የተጠረጠረው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ መቀባት ርካሽና ቀላል ነው፤ ቀጭን ፍሳሽ ግን አረፋ አያስነሳም። አር-12 የተባለው የቀድሞ የኤሲ ጋዝ በሚሠራበት ዘመን መካኒኮች የእሳት ነበልባል በመዳብ ላይ እያስነደዱ፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ጋዝ መኖሩን ያውቁ ነበር። ያ ዘዴ የሚሠራው በክሎሪን ነው። አር-134ኤ ክሎሪን ስለሌለው ነበልባሉ አያውቀውም፤ ቦታውን የኤሌክትሮኒክ መፈለጊያ ወሰደ። ኤስኤኢ በሚባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር መስፈርት መሠረት፣ መሣሪያው በዓመት 4 ግራም ብቻ የሚያፈስስ ቀዳዳን መለየት አለበት። ጋዙ ከአየር ወደ ሦስት እጥፍ ተኩል ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የመሣሪያው ጫፍ ከመጋጠሚያው በታች፣ ሳይነካው ግን ተጠግቶ፣ በዝግታ መንቀሳቀስ አለበት። ሞተሩ መጥፋት ይኖርበታል፤ ነፋስም ውጤቱን ያበላሻል።

ፍሳሹ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ከሆነ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ከዘይቱ ጋር ይጨመራል። መኪናው ለጥቂት ቀናት ከተነዳ በኋላ የወጣበት ቦታ በመብራቱ ሥር አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ከሁሉም አስቸጋሪው ዳሽቦርድ ሥር የተደበቀው ኢቫፖሬተር ነው። ዳሽቦርዱን ከመፍታት በፊት የአየር መንፊያውን አጥፍቶ አሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅና መፈለጊያውን በውኃ ማስወገጃው ቱቦ አፍ ላይ መያዝ ብዙ ድካም ያስቀራል። ከቱቦው የሚወጣው ውኃ ግን ወደ መሣሪያው መግባት የለበትም።

በጋራዦች የሚዘወተረው የቫኪዩም ሙከራ ከሚገባው በላይ ይታመናል። ጋዙ ከወጣ በኋላ መስመሩ በፓምፕ ባዶ ተደርጎ ጌጁ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይታያል። ነገር ግን ቫኪዩም ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገፋው ቢበዛ በአንድ የከባቢ አየር ግፊት ነው። በሥራ ላይ ያለው የከፍተኛ ግፊት መስመር ደግሞ ከ12 ባር በላይ ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ቫኪዩምን የያዘ ኦሪንግ ጋዝ ሲሞላ ሊያፈስስ ይችላል፤ ቢያፈስስም ሙከራው ቦታውን አይናገርም። ደግሞም 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ወደ 0.76 ባር ስለሚወርድ፣ ፍጹም ባዶ የሆነ መስመር እንኳ ጌጁን በባሕር ጠለል ወደሚታየው የመጨረሻ ምልክት አያደርሰውም። ይህን ያላወቀ መካኒክ ጤነኛውን መስመር ያፈስሳል፣ ደህናውን ፓምፕ ደክሟል ሊል ይችላል።

የተሻለው መንገድ ደረቅ ናይትሮጅንን በመቆጣጠሪያ አስገብቶ፣ ከአምራቹ የግፊት ገደብ ሳያልፉ፣ መጋጠሚያዎቹን በአረፋ መፈተሽ ነው። ከጎማ መንፊያ የሚወጣ አየር ለዚህ መዋል የለበትም፤ እርጥበት ያስገባል፣ ከአር-134ኤ ጋር በግፊት ሲቀላቀልም ሊቀጣጠል ይችላል። በአዳዲስ መኪናዎች ያለው አር-1234ዋይኤፍ ደግሞ በራሱ መጠነኛ የመቀጣጠል ባሕርይ ስላለው የራሱን መፈለጊያና መሣሪያ ይፈልጋል።

ቀዳዳው ከተጠገነ በኋላ የወጣው ዘይት ይተካል፣ ለአየር ተጋልጦ የቆየ የእርጥበት ማድረቂያም ይቀየራል፤ ከዚያ ጋዙ ኮፈኑ ሥር በተጻፈው መጠን በሚዛን ይገባል። የጋዝ መሙያዎቹ ክዳኖችም በቦታቸው ይታሰራሉ፤ ከቫልቩ ሾልኮ የሚመጣውን ጋዝ የሚያስቀረው በውስጣቸው ያለው ጎሚኒ ነው።