ትልቅ ስጦታ በአማካይ ዋጋ ላይ፦ «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» የሚሉ የቪዲዮ ጌም ጥቅሎች

ዎልፋየር ጌምስ የተባለው አነስተኛ የአሜሪካ ጌም ሠሪ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 «ሃምብል ኢንዲ በንድል»ን ሲያወጣ ዋጋውን ለገዢው ተወለት። ገንዘቡ ለጌሞቹ ሠሪዎችና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚከፋፈል ሲሆን፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ሁለተኛው ጥቅል ከገዢዎች አማካይ ክፍያ በላይ ለከፈለ ተጨማሪ ጌሞች ሰጠ። ከፍተኛ ከፋዮች በስም ይዘረዘሩ ስለነበር፣ ማይንክራፍትን የፈጠረው ማርከስ ፐርሰን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ከዝርዝሩ አናት ይሰፍር ነበር።

እንዲህ ያለው ስጦታ ዋጋ ያስወድዳል? ሂሳቡ በጊዜው ይወሰናል። 1,000 ሰው በአማካይ 5 ዶላር ከከፈለ በኋላ አንድ ለጋሽ 2,000 ዶላር ቢጥል አማካዩ 6.99 ይደርሳል፤ ከ100,000 ገዢ በኋላ ቢመጣ ግን 5.02 ብቻ ይሆናል።

ለጋሹን በአስወዳጅነት መክሰስ ግን ችኮላ ነው። አማካዩ 5 ዶላር ሆኖ አንዱ 1 ዶላር፣ ሌላው ለተጨማሪው ጌም ሲል 5.01 ቢከፍሉ የሁለቱ አማካይ 3 ዶላር ያህል ነው። አማካዩን ለጥቂት የሚያልፉ ሰዎች ብቻቸውን ሊያቆሙት አይችሉም፤ ሳይንሸራተት የሚይዘው ከልቡ አብዝቶ የሚሰጥ ሰው ነው።

ሌላም ተጽዕኖ አለ፤ እሱ በሂሳብ አይለካም። በሐዋሳ መሃል ከተማ፣ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ለታመመ ባልደረባ የመዋጮ ወረቀት ሲዞር ፈራሚው መጀመሪያ የሚያየው ከላይ የሰፈረውን ቁጥር ነው። አለቃው 1,000 ብር ከጻፈ 50 ብር መጻፍ ያሳፍራል፤ ከአለቃ መብለጥም ድፍረት ይመስላል። መዋጮው በቴሌብር ተልኮ ዝርዝሩ በቴሌግራም ሲለጠፍም ይሉኝታው ያው ነው። እዚህ ማንም አማካይ አያሰላም፤ ተመኑን የሚያወጣው የመጀመሪያው እጅ ነው። ስሙን ለማያውቀው ሕዝብ በኢንተርኔት የሚከፍል ገዢ ግን ይህ እፍረት ብዙም አይይዘውም፤ ስለዚህም ሻጩ ይሉኝታውን በአማካዩ ደንብ መተካት ነበረበት።

ከፋዮችን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ደርድሮ መሃል የቆመውን ሰው ክፍያ መለኪያ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ያኔ 2,000 ዶላር የሰጠውም 20 የሰጠውም እኩል ይመዝናሉ። ሃምብል ግን ውሎ አድሮ አማካዩን ትቶ ወደ ቁርጥ የዋጋ ደረጃዎች ዞረ። ለጋሹ አሁንም ከደረጃው በላይ መክፈል ይችላል፤ የጎረቤቱን ዋጋ ግን አይነካም።