ፎቶሞንታዥ

ሞንታዥ በጀርመን ፋብሪካዎች የማሽን ክፍሎችን ገጣጥሞ ማቆም ማለት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዳዳ የተባለው የጥበብ እንቅስቃሴ የበርሊን ሠዓሊዎች ቃሉን ሆን ብለው ወሰዱት፤ ራሳቸውን ከሠዓሊ ይልቅ እንደ ገጣጣሚ ሠራተኛ ያዩ ነበርና። ፎቶሞንታዥም ከጋዜጣና ከመጽሔት የተቆረጡ ፎቶዎችን ገጣጥሞ አዲስ ሥዕል መሥራት ሆነ።

ቃሉ ሙሉ ትርጉሙን ያገኘው፣ በእኔ እምነት፣ ከእነዚህ ሠዓሊዎች አንዷ በነበረችው በሐና ሆኽ እጅ ነው። ሆኽ በአንድ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት የሴቶች የእጅ ሥራ ንድፎችን ታዘጋጅ ስለነበር፣ መጽሔት የሴትን መልክ እንዴት እንደሚያበጅ ከውስጥ ታውቅ ነበር። በ1920 እ.ኤ.አ. በጨረሰችው «ቆንጆዋ ልጃገረድ» ውስጥ የዋና ልብስ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች፤ በጭንቅላቷ ቦታ የኤሌክትሪክ አምፖል አለ። የቢኤምደብሊው ዓርማዎች ከበዋታል፤ ከበላይዋ ፊት የሌለው፣ በወጉ የተሠራ ትልቅ ፀጉር ተንሳፍፏል። ከአምፖል የሚጠበቀው መብራት ብቻ ነው፤ ቢከፋው፣ ቢጨንቀው ማን ይጠይቀዋል?

ዛሬ ፊቷን በስልክ ፊልተር ካላስተካከለች ፎቶ መነሣት የምትፈራ ልጅ ጭንቀቷ «ቅብጠት» ሲባል እሰማለሁ፤ ያመኛል። ሆኽ ያንን ጭንቀት የሚፈጥረውን አሠራር፣ ብሎኑን ሳይቀር፣ ፈትታ አሳይታለች።