ደምን ስለ ማጥራትና እውነትን ስለ መደበቅ

በዚህ ዓለም መልካም ነገር ብቻውን ተለይቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ወርቅ ከአፈር፥ ስንዴ ከእንክርዳድ፥ ማርም ከሰፈፍ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ስለዚህ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጥበቦች መካከል እጅግ የሚጠቅመው መለየትና ማጥራት ነው። ነገር ግን የሚያጠራው ሰው እጁ የሠለጠነ ሆኖ ልቡ ቅን ካልሆነ፥ ያጠራው መድኀኒት መርዝ ሊሆን ይችላል። ይህንንም ሊቃውንት ከሰው ደም መድኀኒት ካወጡበት ታሪክ እንማራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከሰው ደም ቀዩ ክፍል ተለይቶ ሲወጣ፥ የሚቀረው ፕላዝማ የሚባል ብጫ ውሃ ነው። ሰው በተላላፊ በሽታ ታሞ ሲድን፥ ሰውነቱ ያንን በሽታ ለይቶ የሚያውቅ ዘበኛ በዚህ ውሃ ውስጥ ያቆማል። ይህንን ዘበኛ ሐኪሞች ፀረ እንግዳ አካል ይሉታል። በ1890 በበርሊን ከተማ ጀርመናዊው ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ፥ የዲፍቴሪያንና የቴታነስን መርዝ ከተቋቋመ እንስሳ ደም የተወሰደው ውሃ ለሌላው እንስሳ መከላከያ እንደሚሆነው አስታወቁ። ከዚያ በኋላ መድኀኒቱ ከፈረስ ደም ይወጣ ጀመር፤ ብዙ ሕፃናትንም ከሞት አዳነ። ሆኖም የፈረስ ደም ለሰው ሰውነት ባዕድ ስለ ሆነ፥ ከተወጉት ሰዎች በብዙዎቹ ላይ ትኩሳት፥ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም አመጣ። ለሰው የሚስማማው ከሰው የተገኘው ነበር። ታዲያ ጥቂቱን ዘበኛ ከብዙው ውሃ እንዴት ለይቶ ማውጣት ይቻላል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤድዊን ኮን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ደማቸው ለፈሰሰ ወታደሮች የሚሆን መድኀኒት እንዲያዘጋጅ ተጠይቆ ነበር። እርሱም ፕላዝማውን ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ አልኮል ጥቂት በጥቂት ጨመረበት። የጨዉን፥ የኮምጣጣነቱንና የብርዱን መጠን እየለካ በለዋወጠ ቍጥር፥ በውስጡ ያሉት ነገሮች በየተራቸው እንደ አተላ ዘቀጡ። አልኮሉ ከመቶ 8 እጅ ሲሆን ደምን የሚያረጋው ክፍል ይዘቅጣል፤ ከመቶ 25 እጅ ሲደርስ ፀረ እንግዳ አካላት ያሉበት ክፍል ይከተላል፤ ከመቶ 40 እጅ ሲሆን ደግሞ አልቡሚን የሚባለው ይወጣል። ብርዱ ካልተጠበቀ ግን አልኮሉ ራሱ መድኀኒቱን ያበላሸዋል። እንግዲህ ይህ ሥራ ችኰላን ፈጽሞ አይወድም።

አልቡሚኑ በ1941 በፐርል ሐርበር ለቈሰሉት ወታደሮች ተሰጠ። ፀረ እንግዳ አካላት ያሉበትም ክፍል በ1944 ሕፃናትን ከኩፍኝ እንደሚጠብቅ ታወቀ። በ1952 ደግሞ ኦግደን ብሩተን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም፥ በየጊዜው በከባድ በሽታ ይወድቅ የነበረ የስምንት ዓመት ልጅ በደሙ ውስጥ እነዚህ ዘበኞች እንደሌሉ አገኘ። ከሌሎች ሰዎች ፕላዝማ የተጣራውን በየወሩ ቢወጋው ልጁ ጤና አገኘ። የማያውቃቸው ሰዎች ታመው ድነው ያገኙት ሀብት፥ ለእርሱ ጋሻ ሆነለት።

በአገራችን ልጅ በወለደች ቍጥር የሚሞትባትን እናት ሾተላይ አለባት ይሏታል። የዚህ ኀዘን አንዱ ምክንያት የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ነው። የእናቲቱ ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፥ የሕፃኑ ፖዚቲቭ የሆነ እንደ ሆነ፥ በወሊድ ጊዜ ከሕፃኑ ደም ጥቂቱ ወደ እናቱ ይገባል። ሰውነቷም እንደ ጠላት ቈጥሮ ዘበኛ ያስነሣበታል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ በኋላ የሚፀነሰው ግን ደሙ በእናቱ ዘበኞች እየፈረሰ ይጐዳል። በ1960ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክና በሊቨርፑል የነበሩ ሐኪሞች፥ ፀረ ዲ የተባለውን ይህንኑ ዘበኛ ከሰው ፕላዝማ አጥርተው እናቲቱን ቢወጓት፥ የእርሷ ሰውነት ገና ሳይነሣሣ የሕፃኑን ደም እንደሚያስወግድላት አረጋገጡ። ሕፃናትን ይገድል የነበረው ነገር፥ ተጣርቶ በልኩና በጊዜው ሲሰጥ ሕፃናትን የሚያድን ሆነ።

ጄምስ ሐሪሰን የተባለው አውስትራልያዊ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ደረቱን ተቀዶ በሰዎች ደም ተረፈ። ዕድሜው ሲደርስም ውለታውን ለመክፈል በ1954 ደም መስጠት ጀመረ። በኋላም በደሙ ውስጥ ፀረ ዲ እንዳለ ታወቀ፤ ከመጀመሪያው አንሥቶ እስከ 2018 ድረስ በጠቅላላው 1,173 ጊዜ ሰጠ። መርፌ ይፈራ ስለ ነበር ሲወጉት አንድ ቀን እንኳ አይቶ አያውቅም ይባላል። በ2025 በ88 ዓመቱ ሲሞት፥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን በማዳን ሥራ እንደ ተካፈለ ተነገረለት።

በአየርላንድ ግን ይኸው መድኀኒት ሌላ ታሪክ አለው። በ1976 በደብሊን ከተማ የደም አገልግሎቱ፥ በሕክምና ላይ የነበረችን የአንዲት ሴት ፕላዝማ ለፀረ ዲ መሥሪያ ይወስድ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሴቲቱን የወፍ በሽታ ያዛት። መሥሪያ ቤቱ ይህን እያወቀ በፕላዝማዋ መጠቀሙን አልተወም። ያጣሩበትም ዘዴ በውስጡ የነበረውን ረቂቅ ቫይረስ አላስወገደውም። በ1977 መርፌውን ከተወጉት እናቶች አንዳንዶቹ እንደ ታመሙ ቢነገረውም፥ ነገሩን እስከ ሥሩ አልመረመረም። በ1991 ከለንደን የመጣ ደብዳቤ፥ ከ1976 ተቀምጦ የቈየው ፕላዝማ ሄፓታይተስ ሲ እንዳለበት ገለጠ፤ እናቶቹ ግን አልተነገራቸውም። ነገሩ በይፋ የወጣው በ1994 ነው። ለልጆቻቸው ጤና ብለው ክንዳቸውን ከዘረጉት እናቶች መካከል ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት በጉበት በሽታ ተይዘው ተገኙ። የቀድሞው ጠቅላይ ዳኛ ቶማስ ፊንሌይ የመሩት ምርመራም በ1997 የመሥሪያ ቤቱን ጥፋት በዝርዝር አስረዳ። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም ይባላል፤ በዚህ ታሪክ ግን ደባቂው ሌላ፥ መድኀኒት ያጣውም ሌላ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄው በዝቷል። ዛሬ እያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው ፕላዝማ ይመረመራል፤ በማጣራቱም ሥራ መካከል ቫይረስን የሚያጠፋ መድኀኒት ይጨመርበታል፥ እጅግ በረቀቀ ወንፊትም ይነፋል። ነገር ግን ከወንፊቱ ሁሉ በፊት የሚመጣ አንድ ማጥሪያ አለ፤ እርሱም ጥያቄና መልስ ነው። ደም የሚሰጥ ሰው ስለ ጤናው ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል፤ ደም የሚቀበለው መሥሪያ ቤትም ስሕተት ባገኘ ጊዜ በዚያው ቀን ያስታውቃል። ከሁለቱ አንዱ ዝም ያለ እንደ ሆነ፥ የኮን ብልሃትም ሆነ የሐሪሰን ቸርነት የሚገባውን ያህል አይጠቅምም።

አንባቢ ሆይ፥ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። ቃሉ የታመነ ነው። የአየርላንድ እናቶች ግን እውነቱ እስኪጠራ 17 ዓመት ጠብቀዋል። የሌላው ሰው ሕይወት በእጅህ ባለ ጊዜ፥ እውነቱ በራሱ ጊዜ እስኪጠራ አትጠብቀው፤ አንተ ራስህ ዛሬውኑ አጥራው።