የአገልግሎት ዋጋ፦ የአለካኩና የስያሜው ታሪክ

“ዋጋ” የሚለው ቃል በገበያ ለሚታይ ዕቃ ሲነገር አያሻማም። የአንድ ኩንታል ጤፍን የአምናና የዘንድሮ ዋጋ ለማነጻጸር የጤፉ ዓይነት አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ይበቃል። በጠበቃ፣ በሒሳብ መርማሪ ወይም በመሐንዲስ ሥራ ግን “የተሸጠው ምንድን ነው?” የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ይህ የትርጉም ጥያቄ ስለሆነ የኢኮኖሚ ሊቃውንትን ብቻ ሳይሆን እኛንም ይመለከታል።

እስከ ዛሬ የሚሠራባቸው የዋጋ አመልካች (ኢንዴክስ) ቀመሮች የኤትየን ላስፔይረስና የኸርማን ፓሸ ናቸው። ሁለቱ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1871 እና በ1874 ያቀረቧቸው የሸቀጥ ዋጋን በማሰብ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ፒተር ሂል አገልግሎት ማለት በስምምነት፣ በሌላ ወገን ሥራ አማካይነት በሰው ወይም በንብረት ሁኔታ ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው ሲል በየነ። የጃፓን ባንክ እ.ኤ.አ. በ1991 በድርጅቶች መካከል ለሚሸጡ አገልግሎቶች የዋጋ አመልካች ማውጣት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ኦኢሲዲና ዩሮስታት የጋራ የአሠራር መመሪያ አወጡ።

ከዘዴዎቹ መካከል ሦስቱን እንጥቀስ። የመጀመሪያው ለተደጋጋሚ ተመሳሳይ ሥራ በእርግጥ የተከፈለውን ዋጋ መከታተል ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ፣ ዝርዝሩ የማይለወጥ አንድ አብነት ወስኖ “ይህን ዛሬ በስንት ትሠራላችሁ?” ብሎ ድርጅቱን መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ለሥራ ሰዓት የሚጠየቀውን ክፍያ መመዝገብ ነው። ይህ ቀላል ቢሆንም ያሳስታል። አንድ ሒሳብ መርማሪ በ10 ሰዓት ይጨርሰው የነበረውን ሥራ በኮምፒዩተር እየታገዘ በ6 ሰዓት ጨረሰ፤ የሰዓቱንም ክፍያ ከ100 ብር ወደ 120 ብር አሳደገ እንበል። በሰዓት ሲለካ ዋጋው 20 በመቶ ጨመረ፤ ደንበኛው ግን ቀድሞ 1000 ብር ይከፍል የነበረው ዛሬ 720 ብር ስለከፈለ፣ ለእርሱ ዋጋው 28 በመቶ ቀነሰ።

አማርኛ ይህን ልዩነት ከጥንት ያውቀዋል። ጨርቁን ገዝቶ ለልብስ ሰፊ የሚሰጥ ሰው የሚከፍለው “የእጅ ዋጋ” ይባላል፤ የሚከፈለውም ለተሰፋው ልብስ እንጂ ሰፊው በመኪናው ላይ ላሳለፈው ሰዓት አይደለም። ለጊዜና ለጉልበት የሚከፈለው ምንዳ ወይም ደመወዝ ነው። ድርጅት ከደንበኛው የሚጠይቀው የሰዓት ክፍያ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ከሠራተኛው ደመወዝ ሌላ የቤት ኪራይና ትርፍ አለበትና። እኛም ራሳችን ቀደም ሲል ይህን ክፍያ “የሰዓት ደመወዝ” ብለን ተርጉመን፣ አንባቢው የዋጋን ጭማሪ የሠራተኛ ገቢ ዕድገት አድርጎ እንዲረዳው ምክንያት ሆነናል።

ስለዚህ ሁለተኛው ዘዴ “የአብነት ሥራ ዋጋ”፣ ሦስተኛው “የሥራ ሰዓት ክፍያ” ቢባሉ እንመርጣለን። “ዋጋ” የሚለው ቃል ተሠርቶ ለተጠናቀቀው ነገር ይጠበቅ። ስያሜው ከተምታታ ቁጥሩ በትክክል ቢሰላም የሚናገረው ስሕተት ይሆናል።