አይኪዶ

አይኪዶ በጃፓናዊው ሞሪሄይ ኡዬሺባ (1883–1969 እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ የማርሻል አርት ዓይነት ነው። መሥራቹ ከሶካኩ ታኬዳ የተማሩትን ጁጁትሱ የተባለ የጃፓን የትግል ስልት መነሻ አድርገዋል። በስሙ ውስጥ «አይ» ስምምነት፣ «ኪ» የሕይወት ኃይል፣ «ዶ» ደግሞ መንገድ ማለት ነው።

ዋናው መርሕ ጉልበትን በጉልበት አለመመከት ነው። ተከላካዩ ወደ አጥቂው ጎን ዘልቆ ይገባል፤ ይህ ኢሪሚ ይባላል። አለዚያም በአንድ እግሩ ዞሮ ጥቃቱን ያሳልፋል፤ ይህም ቴንካን ነው። አጥቂው ሚዛኑን ሲስት ይጣላል ወይም መገጣጠሚያው ይያዛል። ኢክዮ በተባለው ስልት ክርኑን ተቆጣጥረው ወደ መሬት ያወርዱታል፤ በኮቴጋኤሺ ደግሞ የእጁን አንጓ ወደ ውጭ ጠምዝዘው ይጥሉታል።

ጀማሪ ግን ከመጣል በፊት አወዳደቅን ይማራል። ኡኬሚ የሚባለው ልምምድ አገጭን ወደ ደረት አስጠግቶ፣ ከትከሻ እስከ ዳሌ እንደ ኳስ መንከባለል ነው። ሁለት ተለማማጆች የአጥቂና የተከላካይ ቦታ እየተቀያየሩ ይሠራሉ። በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ውድድር የለም።

በዋሽንግተን አካባቢ ስፖርቱን ካስፋፉት አንዱ፣ በ1975 ወደ አሜሪካ የመጡት የኡዬሺባ ተማሪ ሚትሱጊ ሳኦቶሜ ናቸው። የመሠረቱት ሾቡካን ዶጆ (የሥልጠና አዳራሽ) የሚገኘው ለሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ በሆነው የታኮማ ሰፈር ነው።

ኢትዮጵያን ከአይኪዶ ያስተሳሰሩት ደግሞ ስለ አማራ ባህል የሚያወሳውን «ሰምና ወርቅ» በ1965 ያሳተሙት ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን ናቸው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አይኪዶ አስተምረዋል፤ የመሠረቱት አይኪ ኤክስቴንሽንስ የተባለ ድርጅትም በሐዋሳ ወጣቶች የሚሠለጥኑበትን ዶጆ ደግፏል። ሌቪን ያረፉት በ2015 ነው።