«የቀጣን እኛን ነው ወይ?» ፍርድና ምሕረት በአሞጽና በሆሴዕ



በ2016 ዓ.ም. ዋግ ኽምራ እንደገና በድርቅ ሲመታ፣ በጋዝጊብላ ከጸሎት በኋላ አንዲት እናት እጄን ይዘው ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ በሰባ ሰባት እግዚአብሔር የቀጣው እኛን ነው ወይ? በደላችን ከሌላው ይበልጥ ነበር?» ያን ጊዜ ወደ ኮረም ሲሰደዱ ሁለት ልጆቻቸውን በመንገድ ላይ ቀብረዋል። በሥነ መለኮት ኮሌጅ የተማርሁት ሁሉ አፌ ላይ ደረቀ። ይህን የምጽፈው ያኔ ያልመለስሁትን ለመመለስ ነው።

ነቢያት ድርቅንና ረሃብን ከእግዚአብሔር ፍርድ ጋር እንዳያያዙ አንክድም። አሞጽ እግዚአብሔር ዝናብን እንደከለከለ፣ ሕዝቡ ግን እንዳልተመለሰ ይናገራል (አሞጽ 4፥6–8)። ነገር ግን ይህ ቃል በመጀመሪያ የተነገረው ለማን ነው? ዘመኑ ዳግማዊ ኢዮርብዓም የነገሠበት 8ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ድንበር ሰፍቶ ነበር፤ ንግድ ደርቶ ነበር። ድሃው ግን በጥንድ ጫማ ዋጋ ይሸጥ ነበር (2፥6)። የሰማርያ ባለጠጎች በዝሆን ጥርስ አልጋ ተጋድመው ስለ ወገናቸው ስብራት አያዝኑም ነበር (6፥4–6)። ከሰማርያ ፍርስራሽም በዝሆን ጥርስ የተሠሩ ጌጦች በቁፋሮ ወጥተዋል። በ722 ዓመተ ዓለም ከተማይቱ በአሦር እጅ ወደቀች። የነቢዩ ጣት ያመለከተው በተራበው ላይ ሳይሆን፣ ጠግቦ በማያዝነው ላይ ነው።

ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ለረጅም ጊዜ ተደበቀ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ያወረዳቸው ደርግ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱን በዓልና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድግስ አከበረ። በዚያው ወቅት የዋግና የራያ ሕዝብ በኮረም ያልቅ ነበር፤ ጦርነቱም የእህሉን መንገድ ዘግቶ ነበር። ዓለም የኮረምን እልቂት በቴሌቪዥን ያየው በጥቅምት ነው። ሌላውን ስለ ረሃብ የፈረደ፣ ያው ፍርድ በራሱ ላይ ተመለሰበት።

ወገኖቼ፣ ይህን ስጽፍ ለራሴም እፈራለሁ። ከተማ ተቀምጠን፣ በልተን ጠግበን፣ «ኃጢአታቸው ነው» ያልን ስንቶቻችን ነን? ያ ንግግር ከዝሆን ጥርሱ አልጋ የሚነገር ነው።

እውነተኛ ነቢይ ፍርድን አይቶ ዝም አይልም። አሞጽ አንበጣና እሳት በራእይ ሲያይ ያዕቆብ ታናሽ መሆኑን ጠቅሶ ለመነ፤ እግዚአብሔርም ሁለት ጊዜ ራራ (7፥1–6)። በዚያው ክፍለ ዘመን ሆሴዕ ካልታመነች ሚስቱ ከተወለዱት ልጆች አንዲቱን ሎሩሃማ፣ ምሕረት የማታገኝ፣ ሌላውን ሎዓሚ፣ ሕዝቤ ያልሆነ፣ ብሎ እንዲሰይም ታዘዘ። ይህ ከባድ ፍርድ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው ቃል አይደለም። እግዚአብሔር ሁለቱንም ስሞች ገልብጦ ይጠራቸዋል (ሆሴዕ 2፥23)። በ11ኛው ምዕራፍም ፈራጁ ራሱ ልቡ ይታወካል። ሕዝቡን የሚቀጣው ጠላት ሳይሆን፣ የከዳችውን ሚስት አሁንም የሚወድ ባል ነው።

ጌታችንም ግንቡ ወድቆባቸው ስለሞቱት ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ገለጠ፤ ንስሐን ግን ከሰሚዎቹ ጠየቀ (ሉቃስ 13፥4–5)። በመስቀሉም ፍርዱን በራሱ ላይ ተቀበለ።

እናቴ፣ መልሴ ይህ ነው፦ በደላችሁ ከሌላው ስለበለጠ አይደለም። ልጆችዎን በመንገድ ዳር ሲቀብሩ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ያለቅስ ነበር። ንስሐ የሚገባን እኛ ነን፤ እህል እያለን ያላካፈልን፣ አፍ እያለን ያልለመንን።

እንግዲህ ዛሬ ስለ ዋግ ስንጸልይ፣ ከጸሎታችን በፊት ጎተራችንን እንክፈት። ምሕረቱ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።