በነዳጅ ዘይት ከተማ የዳኛ ወንበር፤ የደማምና የኾባር የፍርድ ታሪክ

በግእዝ ቋንቋ ፈትሐ ማለት ከፈተ፥ ፈታ፥ ፈረደ ማለት ነው። የተዘጋውን በር መክፈት፥ የታሰረውን መፍታት፥ በሁለት ተከራካሪዎች መካከል መፍረድ፥ ሁሉም በአንድ ግሥ ይነገራል። በዐረብኛም ፈተሐ ማለት ከፈተ ሲሆን፥ በጥንቱ አነጋገር፥ ይልቁንም በደቡብ ዐረብ ሰዎች ዘንድ፥ ፈረደ የሚል ትርጉምም ነበረው። ኋላ ግን ዐረቦች ለፍርድ ነገር ሌሎች ቃላትን አጸኑ፤ ዳኛውን ቃዲ፥ የፍርዱንም ቤት መሕከማ አሉት። በኢትዮጵያ የቀድሞው ቃል ጸንቶ ቀረ፤ የግብጹ ሊቅ ኢብን አል ዐሳል በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ያዘጋጀው የሕግ መጽሐፍ እንኳ ወደ ግእዝ ሲመለስ ፍትሐ ነገሥት ተባለ። እንግዲህ ዳኝነት መክፈት ከሆነ፥ በሩ ለማን እንደ ተከፈተ መጠየቅ ይገባል። ይህም ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚገባው ማዕድን ለተገኘበት ከተማ ነው፤ በዚያ ምድሪቱ ቀድማ ትከፈታለችና፥ ዳኛው ግን ዘግይቶ ይመጣልና።

በቀድሞው ዘመን በኢትዮጵያ ለመፋረድ ቤት የግድ አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ይሄዱ ነበር፤ በመንገድ ያገኙትንም ሰው በሕግ አምላክ ብለው አቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ዐውደ ምኵናን በሚለው የግእዝ ቃል ውስጥ ያለው ዐውድ ዙሪያ ማለት ነው፤ ከግንቡ ይልቅ ከብቦ የቆመውን ሕዝብ ያስባል። በማዕድን ከተማ ግን ሁሉም እንግዳ ነው። ጠባዩን የሚያውቅ ሽማግሌ፥ ነገሩን የሚያይለት ጎረቤት የለውም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስፍራ የፍርድ ቤት ግንብ የሚሠራው በችኮላ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የምትሆን በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት ቱምስቶን የምትባል ከተማ አለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሟ የመቃብር ድንጋይ ማለት ነው፤ ማዕድን ፈላጊውን ሰው በዚያ በረሓ ከመቃብርህ ድንጋይ በቀር የምታገኘው የለም ብለውት ነበርና፥ ብር ባገኘ ጊዜ ያንኑ ስም አወጣለት። ከተማይቱ በ1879 ተቈረቈረች፤ በ1882 በቀይ ሸክላ ባለሁለት ፎቅ ፍርድ ቤት ተሠራባት፤ የሕንፃውም ቅርጽ የመስቀል ነው። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ጉድጓዶቹ በውሃ ተሞሉ፥ ሕዝቡም ተበተነ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ለአውራጃው ሁሉ መቀመጫ ሆኖ እስከ 1931 ቈየ፤ ከ1959 ጀምሮ የታሪክ መዘክር ነው። በ1917 በሐምሌ ወር በዚያው አውራጃ በቢዝቢ የመዳብ ማዕድን አድማ ያደረጉ 1,200 ያህል ሰዎች መሣሪያ በያዙ ሰዎች ተይዘው፥ በከብት መጫኛ ባቡር ተጭነው፥ በጎረቤት ግዛት በረሓ ተጣሉ። ነገሩ በ1920 በዚህ ቤት ለፍርድ ቀረበ፤ የተከሰሰውም ሰው አስፈላጊ ስለ ሆነ የተደረገ ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀ። ሕንፃው መልካም ነበር፤ የተባረሩት ግን በዚያ ቤት መብታቸውን አላገኙም።

የደማምና የኾባር ታሪክ ከዚህ የሚለየው በመጀመሪያው ነው፤ በዚያ ግንቡ ቀድሞ ነበር፥ በዚህ ግን ለሠራተኛው የተለየ የፍርድ ቤት እጅግ ዘግይቶ ቆመ።

እነዚህ ሁለት ከተሞች በፋርስ ባሕር ዳር በሳዑዲ ዐረብ ምሥራቅ አውራጃ ይገኛሉ። በ1923 የደዋሲር ነገድ ሰዎች፥ በባሕሬን ከእንግሊዞች ጋር ባለመስማማታቸው፥ ባሕሩን ተሻግረው ሰፈሩባቸው። ሥራቸው ዓሣ ማጥመድና ከባሕር ጠልቆ ሉል ማውጣት ነበር። የሉል ሥራም የራሱ ዳኝነት ነበረው፤ በባሕሬን ሳሊፋ የሚባለው ጉባኤ በጠላቂውና በመርከቡ አለቃ መካከል ያለውን የዕዳ ክርክር ያይ ነበር። ዳሩ ግን በጉባኤው የሚቀመጡት የመርከብ አለቆቹ ራሳቸው ነበሩ፤ አበዳሪ ዳኛ ሲሆን ተበዳሪው ምን እንደሚያገኝ ለማንም አይሰወርም።

በ1933 በግንቦት ወር በጂዳ ከተማ ንጉሥ ዐብደል ዐዚዝ ለካሊፎርኒያ ኩባንያ ነዳጅ ዘይት የመፈለግ ፈቃድ ሰጠ። በ1935 መሰርሰር ተጀመረ። ስድስቱ ጉድጓዶች የሚጠቅም ነገር አላስገኙም፤ ሰባተኛው ግን በ1938 በመጋቢት ወር 1,440 ሜትር ያህል ከተሰረሰረ በኋላ ዘይቱን ሰጠ። በዚያው አጠገብ የዝሕራን ሰፈር ተመሠረተ፤ አሜሪካውያኑ በአጥር ውስጥ በመልካም ቤት ሲኖሩ፥ የአገሩ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከዘንባባ ዝንጣፊ በተሠራ ጎጆ ያድሩ ነበር። ኾባር የዕቃ መውረጃ ሆነች፤ ደማምም ወደብና በ1951 ወደ ሪያድ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ አገኘች። የአውራጃው ገዥ መቀመጫውን ከሁፉፍ ወደ ደማም ያዛወረው በዚሁ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የቃዲው ወንበር በሸሪዓ ሕግ የጋብቻን፥ የውርስን፥ የወንጀልንም ነገር ያይ ነበር፤ አቤቱታ ያለው ደግሞ ወደ ገዥው ችሎት ይቀርብ ነበር። የኩባንያና የቀን ሠራተኛ ክርክር ግን ለአሮጌው ሥርዓት አዲስ ነገር ነበር።

ለኩባንያው ዳኛ አልጠፋም። በመጀመሪያው ውል ውስጥ ክርክር ቢነሣ በግልግል ዳኞች እንዲታይ ተጽፎ ነበርና፥ በ1954 መንግሥት ዘይቱን በመርከብ የማመላለስን መብት ለግሪካዊው ባለጸጋ ለኦናሲስ በሰጠ ጊዜ አራምኮ ተቃወመ። ነገሩ ወደ ጄኔቭ ሄደ፤ በስዊሳዊው የሕግ ሊቅ በሶዘር ሆል የሚመሩት ዳኞች በ1958 በነሐሴ ወር ለኩባንያው ፈረዱ። የሳዑዲ መንግሥትም በ1963 መሥሪያ ቤቶቹ እንዲህ ባለ ግልግል እንዳይገቡ ከለከለ።

የሠራተኛው መንገድ ሌላ ነበር። በ1947 የሥራ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ሆኖም በ1953 ሠራተኞቹ ስለ ደመወዝ፥ ስለ መኖሪያና ስለ መናናቅ አቤቱታ በጻፉ ጊዜ የጠበቃቸው ችሎት አይደለም። ከመንግሥት የተላከ ኮሚሲዮን መጣ፤ ንግግሩም ተጠሪዎቻቸውን በማሰር አበቃ። ኦክቶበር 17 ቀን 1953 ወደ 13,000 የሚሆኑ ሰዎች ሥራ አቆሙ፤ ወታደርም በከተሞቹ ተሰማራ። ከዚህ በኋላ ኩባንያው ደመወዝ ጨመረ፤ ይህ የተገኘው ግን በፍርድ አይደለም። በ1956 በንጉሥ ትእዛዝ አድማ ፈጽሞ ተከለከለ። አድማ የተከለከለበት ሰው አቤት የሚልበት ቤት ሊሠራለት ይገባ ነበር፤ እስከ 1969 ድረስ ጠበቀ። በዚያ ዓመት የወጣው የሥራ ሕግ የመጀመሪያና የበላይ የክርክር ሸንጎዎችን አቋቋመ፤ እነርሱም በሥራ ሚኒስቴር ሥር እንጂ በፍርድ ቤት ሥር አልነበሩም። ሥልጣኑ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተዛውሮ የሥራ ፍርድ ቤቶች የተከፈቱት በ2018 ነው፤ ከእነርሱም አንዱ በደማም ተቀመጠ። ከሰባተኛው ጉድጓድ እስከዚህ 80 ዓመት ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ነገር አይደለም። ብዙ እናቶች ሴቶች ልጆቻቸውን ወደነዚሁ ከተሞች ለቤት ሥራ ልከዋል። የ2005 የሥራ ሕግ ግን የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አደረጋቸው፤ በ2013 የተለየ ደንብና ክርክራቸውን የሚያይ የተለየ ኮሚቴ ተሰጣቸው። በቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ አሠሪውም ከፊል ይባላል፥ ዋስ ማለት ነው፤ በግእዝ ክፍል ከሚለው ጋር አይምታታ። ዋሱ ራሱ ተከሳሽ የሚሆንበት ክርክር ከባድ ነው፤ ከቤቱ የወጣች እንደ ሆነ ኮበለለች ተብላ ትመዘገባለችና፥ ከዳኛው በፊት የምታገኘው ፖሊሱን ነው።

በ2013 በኅዳር ወር ሳዑዲ ዐረብ ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ተመለሱ። ከቱምስቶኑ ነገር ይለያል፤ ይህ በመንግሥት ሕግ የተደረገ ነው፥ ያኛው ሕግ አልነበረውም። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ ብዙዎች ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ትተው ተመልሰዋል፥ ከአገር የወጣ ሰውም በችሎት ሊቆም አይችልም። የቀረለት መንገድ በዚያ የሚቆምለትን ሰው መሾም ነው፤ ይህም ሰው በዐረብኛ ወኪል ይባላል፥ በአማርኛም ወኪል፤ የውክልናውም ወረቀት ወደ ዐረብኛ ተመልሶ መጽደቅ አለበት።